ቁልፉን አስቀምጡት፦ ቆሞ የከረመ መኪና እንዴት ወደ መንገድ ይመለሳል?

(የመክፈቻ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

የዛሬው ዝግጅታችን ስለ መኪና ነው። ስለሚሄደው አይደለም፤ ስለ ቆመው ነው።

እስቲ አዊ ዞን፣ ግምጃ ቤት ከተማ ውስጥ አንድ ግቢ በዓይነ ሕሊናችሁ ሣሉልኝ። አጥሩ ቀርከሃ፣ ጓሮው ድንች፣ ጥጉ ላይ የቆርቆሮ ዳስ። ዳሱ ሥር አንድ ቮልስዋገን ቆሟል። ድሮ ሰማያዊ ነበር። አሁን ጣሪያው የዶሮ ማደሪያ ነው፤ ጎማዎቹ ተንፍሰው በቸርኬው ተቀምጧል፤ ከሥሩ ሣር በቅሏል። አባወራው ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ለበዓል ከአዲስ አበባ የመጣው ልጃቸው አቧራውን በመዳፉ ጠረግ ጠረግ አደረገና «ይሄማ ይነሣል!» አለ። ይህችን ቃል ጎረቤት ከሰማ አለቀ። አንዱ ከባጃጁ ባትሪ ይፈታል፤ ሌላው ቤንዚን በሃይላንድ ይዞ ይመጣል፤ ጎረምሶቹ እጅጌያቸውን ሰብስበው ለመግፋት ይሰለፋሉ።

ደስ የሚል ግርግር ነው። መኪናው የሚሞተውም በዚሁ ግርግር ነው። ሃያ ዓመት ዝናብና አይጥ ያልገደሉትን ሞተር ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ጥድፊያ ይገድለዋል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ቁልፉን አስቀምጡት። ሁላችንም መጀመሪያ መስማት የምንጓጓው የሞተሩን ድምፅ ነው። እኔ ደግሞ ዛሬ እዚህ የተቀመጥኩት፣ ያ ድምፅ መምጣት ያለበት ከሁሉ መጨረሻ ነው ብዬ ልሟገታችሁ ነው።

ለአዊ ሰው ይህን ማስረዳት ከባድ አይመስለኝም። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ማኅበር ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚሆነውን የፈረሰኞች በዓል ያየ ያውቀዋል። ዓመት ሙሉ ኮርቻ ሳይነካው መስክ ላይ የከረመን ፈረስ፣ በዚያ ቀን ማለዳ ከመስኩ አውጥቶ በቀጥታ ሽምጥ የሚጋልብ ፈረሰኛ አለ? የለም። ሰኮናውን ያነሣል፤ ጀርባውን ይዳስሳል፤ ጥርሱን ያያል። መጀመሪያ በልጓም ይዞ ያንሸራሽረዋል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ይጭነዋል። ፈረስ ላይ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው መኪና ላይ ሲደርስ «አንዴ ላስነሣው» ይላል።

(አጭር ሙዚቃ)

ቮልስን ለምሳሌ የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን መኪና የሚባል ነገር የታየው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ዎልስሊ የምትባል መኪና በረሃውን አቋርጦ አዲስ አበባ ለዳግማዊ ምኒልክ አደረሰ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓይነት ገብቷል፤ በጭነት ፊያት ኤንትሬ፣ በታክሲ ሴቼንቶና ላዳ፣ በገጠር መንገድ ላንድሮቨር። በሰው ልብ ውስጥ የቀረው ግን ቮልስ ነው። ታሪክ ውስጥም ገብቷል፦ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን መውረዳቸው ከተነበበላቸው በኋላ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር የተወሰዱት በቮልስዋገን ነው። በሮልስ ሮይስ ይሄዱ የነበሩ ንጉሠ ነገሥት።

ይህ ዓይነቱ ቮልስ በዓለም ላይ 21,529,464 ተሠርቷል። የመጨረሻው ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣው ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ አዲስ የለም፤ ያለው ያለው ብቻ ነው። በአገራችን ደግሞ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ተከልክሏል። እና በዳስ ሥር የቆመችው መኪና ዋጋዋ ከትዝታ አልፏል።

እንግዲህ ወደ ዳሱ እንመለስ።

የመጀመሪያው ሥራ ቁልፍና ካቻቢቴ አይጠይቅም፤ ወረቀት ነው። ሊብሬው የት አለ? በማን ስም ነው? ባለቤቱ በሕይወት ከሌሉ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ወጥቷል? ከኋላ ወንበር ሥር፣ መሐል ላይ ባለው ጉብታ የተመታውን የሻንሲ ቁጥር በጨርቅ ጥረጉና ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። የሞተሩ ቁጥር ከዲናሞው መቀመጫ ግርጌ ይገኛል። ቮልስ ሞተሩ በአራት ብሎን ተይዞ የሚወርድ ስለሆነ በሕይወት ዘመኑ ሁለትና ሦስት ሞተር የለወጠ ብዙ ነው፤ ሁሉም ግን ሊብሬው ላይ አላስመዘገበም። ሺህ ብሮችን ካፈሰሱ በኋላ በመንገድ ትራንስፖርት መስኮት ፊት ቆሞ «ቁጥሩ አይገናኝም» ከመባል፣ ብር ሳይወጣ መስማት ይሻላል።

ቀጥሎ አንድ ጥያቄ አለ፤ እንዲያውም ትልቁ ጥያቄ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ለምን ቆመ?

መኪና ዝም ብሎ አይቆምም። ባለቤቱ ስለታመሙ የቆመ መኪና ሌላ ነው፤ ካምቢዮው ስለተሰበረ የቆመ መኪና ሌላ ነው። የመጀመሪያው ከነጤናው የተኛ ነው። ሁለተኛው ታሞ የተኛ ነው፤ የዛሬ ሃያ ዓመት የነበረበት በሽታ ዛሬም አለበት፣ ያውም የሃያ ዓመት ዝገት ተጨምሮበት። ስለዚህ እናትን ጠይቁ፤ ጎረቤት ጠይቁ፤ በዚያን ጊዜ ይነዳ የነበረ ዘመድ ካለ ፈልጉ። «ዳገት ላይ ጢስ ያበዛ ነበር»፣ «ሦስተኛ ማርሽ አልገባ ብሎ ነው የተዉት» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር የሳምንት ልፋት ታስቀራለች። «ካርቡራቶሩን እገሌ ለጊዜው ተውሶ ወስዶታል» የሚልም ይኖራል። የተዋሰው አይመልሰውም፤ እሱን እርሱት።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን የሞተሩን ክዳን እንክፈት። እጃችሁን ሳትሰዱ በፊት ተመልከቱ። ቮልስ ውኃ የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። ከሞተሩ ላይ ያለው ትልቅ የላሜራ ሽፋን ውስጥ ማራገቢያ አለ፤ አየሩን ወደ ታች ወደ ሲሊንደሮቹ ይነፋል። ይህ ሽፋን ለአይጥ ምን መሰላችሁ? ደረቅ፣ ጨለማ፣ ንፋስ የማይገባበት ቤት። ገለባውን፣ ጨርቁን፣ የወንበሩን ጭድ እየተሸከመች እዚያ ትጎዘጉዛለች። መኪናው ቢነሣ እንኳ አየሩ በዚያ ጉዝጓዝ ታፍኖ ሞተሩ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይግላል፤ የሙቀት ጌጅ ስለሌለው ሹፌሩ አያውቅም፤ የሚያውቀው ሞተሩ ሲይዝ ነው። ሽፋኑን ማውረድ ጣጣ ነው፤ ግን አውርዱት። ማርሚታው ውስጥ ደግሞ ተርብ ቤት ሠርቶ ከሆነ በእጅ ሳይሆን በረጅም እንጨት አነጋግሩት።

ከዚያ ቤንዚኑ። እዚህ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና።

ቤንዚን እንደ ማር አይደለም፤ ሲቆይ ይበላሻል። ቀላሉ ክፍሉ በወራት ውስጥ ይተንና የሚቀረው እንደ ቫርኒሽ የሚሸት፣ የሚያጣብቅ ነገር ነው። የእኛ አገር ደጋ ደግሞ ሌላ ጨምሮበታል። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘንበውን ዝናብ፣ የእንጅባራንና የግምጃ ቤትን ጉም አስቡት። ግማሽ ባዶ የሆነ ሰልባትዮ ቀን ሲሞቅ አየር ያስወጣል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ እርጥብ አየር ይስባል። እርጥበቱ በግድግዳው ላይ ጤዛ ይሆናል፤ ጤዛው ይንጠባጠባል። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታች ይዘቅጥና ወለሉን ያዝገዋል። ይህ በየሌሊቱ ለዓመታት ነው። ስለዚህ «ያለው ላይ ትንሽ አዲስ ጨምሩበት» የሚላችሁን ሰው አትስሙት።

የቮልስ ሰልባትዮ ከፊት ክዳኑ ሥር ነው፤ በአራት ብሎን ይወጣል። አውጥታችሁ ድፉት። ከኩሽና፣ ከፋኖስ፣ ከሲጋራ ራቅ ብላችሁ። ወለሉ ከዛገ አንድ እፍኝ ደቃቅ ጠጠር ከጥቂት ቤንዚን ጋር ጨምራችሁ እንደ ጽናጽል ናጡት፤ ዝገቱ ይፋቃል። ደጋግማችሁ እጠቡ፤ ፀሐይ ላይ አድርቁ። ቀዳዳ ካለው ግን ይህን ስሙኝ፦ ባዶ ሰልባትዮ ከሙሉው ይበልጥ አደገኛ ነው። ቤንዚን ራሱ ሳይሆን የሚነደው ትነቱ ነው፤ ባዶ የምትሉት ዕቃ ትነት ሞልቶታል። «ትንሽ ብየዳ ነው» ብሎ እሳት ያስጠጋ ሰው ዓይኑን ያጣል፤ ነፍሱንም ያጣል። እንዲህ ያለ ብየዳ ለሚያውቅ ብቻ ይሰጥ።

የቤንዚን ጎማ ቱቦዎቹን አንድ ሳታስቀሩ ለውጡ። ከውጭ ሲታዩ ደህና ይመስላሉ፤ ጠምዘዝ ብታደርጓቸው ይሰነጠቃሉ። ደግሞ የዘመኑ ቤንዚን የድሮው ቤንዚን አይደለም። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚገኝ ኢታኖል ቤንዚን ውስጥ መቀላቀል ተጀምሮ ነበር፤ ኢታኖል ውኃ ይስባል፣ ለድሮ ጎማም አይስማማውም። ቮልስ ሞተሩ ከኋላ፣ ሰልባትዮው ከፊት ስለሆነ ቤንዚኑ መኪናውን ሙሉ አቋርጦ ነው የሚደርሰው። መጨረሻ ላይ ያለችው አንዲት ክንድ የማትሞላ ቱቦ ብትፈነዳ የምታፈሰው በጋለ ሞተር ላይ ነው። ቮልስ ለምን ከኋላው ይቃጠላል ብላችሁ ጠይቃችሁ ከሆነ፣ መልሱ ይኸው ነው።

ካርቡራቶሩን ፍቱትና በንጹሕ ቤንዚን እጠቡት። ቤንዚን የሚያልፍባቸውን ደቃቅ ቀዳዳዎች በሽቦ አትውጉ፤ ቀዳዳው በፀጉር ያህል ከሰፋ መኪናው ዕድሜ ልኩን ቤንዚን ይጠጣል። በአፍ ወይም በጎሚስታ ቤት አየር ንፉት፤ በቂ ነው።

ጎሚስታ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ጋራዥ ገብታችሁ ቋንቋውን አዳምጣችሁ ታውቃላችሁ? ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ቸርኬ፣ ሰልባትዮ፣ ማርሚታ፣ ፍሬቻ፣ ኩሽኔታ፣ ፑንቲና፣ ካላማዳሪያ። አብዛኛው ጣሊያንኛ ነው። ፋሺስቱ አምስት ዓመት ቆይቶ ተባረረ፤ የጋራዡ መዝገበ ቃላት ግን እዚሁ ቀረ፣ አማርኛም ሆነ። እኔ በበኩሌ ደስ ይለኛል። ከጠላት የተማረከ ዕቃ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ሞተሩ። ሞተር ሲቆም ፒስተኖቹ አንድ ቦታ ይቆማሉ። የፒስተኑ ፋሻ ከብረት ነው፤ ሲሊንደሩም ብረት ነው፤ በመካከላቸው የነበረው ዘይት በዓመታት ውስጥ ወደ ታች ይወርዳል። እርጥበት ይገባል። ሁለቱ ብረቶች በዝገት ይጣበቃሉ። በዚህ ሁኔታ ሞተሪኖውን ብታዞሩ፣ ወይም አስጎትታችሁ በማርሽ ብትለቁት፣ የሚለቀው ዝገቱ ላይሆን ይችላል፤ ፋሻው ነው የሚሰበረው።

አንድ ጋራዥ ውስጥ የሰማሁት ነው። ጎረምሳው ትዕግሥቱ አልቆ፣

«ጋሼ፣ በአይሱዙ አስጎትተን በሁለተኛ ማርሽ ብንለቀውስ?»

ሽማግሌው ቀና ብለው ሳያዩት፣

«ይለቅቃል።»

«እና ለምን አናደርገውም?»

«ካንተ ሞተር ጋር ነው የሚለቀው፣ ልጄ።»

ደንቡ ይህ ነው። አራቱንም ካንዴላ ፍቱ። በየቀዳዳው ቀጠን ያለ ዘይት፣ ወይም የሞተር ዘይትና ናፍታ እኩል የተቀላቀለበት፣ ሁለት ሦስት የሻይ ማንኪያ ጨምሩ። የቮልስ ሲሊንደሮች ቆመው ሳይሆን ተኝተው ነው የተሠሩት፤ ስለዚህ ዘይቱ ታች ታቹን ይዞ የላይኛውን ገጽ ላይደርስበት ይችላል። በመርጨት መልክ ብትሰጡት የተሻለ ነው። ከዚያ ተዉት። አንድ ቀን፣ ሦስት ቀን፣ ሳምንት። ከዚያ ማርሹን ባዶ አድርጋችሁ፣ ከሞተሩ ኋላ ያለውን ትልቁን ፑሌጃ በመፍቻ በእጃችሁ ጠምዝዙ። በእጅ። እጅ የሚሰማውን ሞተሪኖ አይሰማውም። ጥቂት ሄዶ ቀጥ ካለ መልሱት፤ ዘይት ጨምሩ፤ ነገ ኑ። አልሄድ ካለም አትታገሉት፤ ሌላ ሳምንት። ሙሉ ዙር በዞረ ጊዜ የሚሰማችሁን ደስታ እኔ በሬዲዮ ልነግራችሁ አልችልም።

ከዞረ በኋላ አሮጌውን ዘይት አፍስሱ። የቆየ ዘይት አሲድና ውኃ አለበት፤ ወተት የመሰለ ከወጣ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው። ቮልስ እንደ ሌላው መኪና የዘይት ፊልትሮ የለውም፤ ከታች ወንፊት ነው ያለው፤ አውጥታችሁ እጠቡት። አዲሱ ዘይት 2 ሊትር ተኩል ነው፤ ከዚያ አይበልጥም። ከሞላ በኋላ ካንዴላዎቹ ገና ሳይመለሱ ሞተሪኖውን ጥቂት ጥቂት አዙሩት። ካንዴላ ስለሌለ ሞተሩ አይነሣም፤ አይከብደውምም፤ ዘይቱ ግን በየደም ሥሩ ይዳረሳል። በዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የዘይት መብራት ስትጠፋ ደርሷል ማለት ነው። ብዙ ሰው የማያደርገው ይህን ነው፤ ሞተሩን ግን የሚያድነው ይህ ነው።

ኮምፕሬሽን የምታስለኩ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እንጅባራ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲተያይ ከአምስት አንድ እጅ በላይ ሳስቷል። ባሕር ዳርቻው ስል ጂቡቲን ማለቴ ነው እንጂ ጣና ዳር ያለችውን አይደለም። ስለዚህ የጌጁ ንባብ መጽሐፉ ላይ ካለው ዝቅ ማለቱ ግድ ነው፤ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ እያለ «ፋሻ ጨርሷል» ተብላችሁ ብር እንዳታወጡ። ዋናው አራቱም ተቀራራቢ መሆናቸው ነው። በዚሁ ምክንያት ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ጥላሸት ከለበሰ አትደንግጡ፣ አስተካክሉት።

ኤሌክትሪኩን በአጭሩ። ፑንቲናውን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ዳሰስ አድርጉ፤ አይጥ የላጠችውን ሽቦ ሁሉ ለውጡ። እስከ 1966 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ድረስ የተሠሩት አብዛኞቹ ቮልሶች ባለ 6 ቮልት ናቸው፤ የጎረቤቱን ባለ 12 ባትሪ ከማሰራችሁ በፊት አረጋግጡ። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ጫፍ ከነካ እሳት ይነሣል። ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ሸፍኑበት። እግረ መንገዳችሁን ከባትሪው ሥር ያለውን ወለል በመዶሻ ጫፍ ነካ ነካ አድርጉት፤ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚበሰብሰው እዚያ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ፍሬን። እውነቱን ለመናገር ከፈለጋችሁ ሞተሩን ትታችሁ ከዚህ ብትጀምሩ ቅር አይለኝም።

ከአዲስ አበባ ወደ አዊ የሚመጣ ሰው ጎሐ ጽዮንን አልፎ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው፤ ከዚያ ድልድይ፣ ከዚያ ወደ ደጀን ዳገት። በዚያ ቁልቁለት ላይ የሞተር መጥፋት አሳፋሪ ነው፤ የፍሬን መጥፋት ግን ሌላ ነው።

የፍሬን ዘይት ውኃ ይጠጣል። ክዳኑ ቢገጠምም ከአየሩ ቀስ በቀስ ይስባል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይችላል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው ወደ 140 ዝቅ ይላል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲደጋገም ይግላል፤ ዘይቱ ይፈላል፤ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። እግራችሁ ፔዳሉን ይዞ እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ መኪናው ግን አልሰማም። ይህ አዲስ ፍሬን ሸራ ባለው መኪና ላይም ይሆናል። ስለዚህ ዘይቱን መጨመር ሳይሆን አውጥቶ መለወጥ ነው።

ሌላም ጥፋት አለ፤ ይህን የምለው ደጋግሜ ስላየሁት ነው። የፍሬን ዘይት ሲጠፋ «ዘይት ዘይት ነው» ተብሎ የሞተር ዘይት ይጨመራል። የፍሬኑ ጎማዎች የሞተር ዘይት ሲነካቸው ያብጣሉ፣ ይልማሉ፤ በቀናት ውስጥ ከዋናው ፖምፓ እስከ አራቱ ፖምፔታ ያለው ሁሉ ተበላሽቶ መለወጥ ይኖርበታል። በአንድ ብልቃጥ ቁጠባ የአንድ ወር ደመወዝ።

አራቱንም ታምቡር አውርዱ። ፖምፔታዎቹ ዝገው ይዘው ታገኟቸዋላችሁ፤ ካልተላቀቁ አዲስ። አጫጭሮቹን የጎማ ቱቦዎች ግን ሳታዩም ለውጡ። እነዚህ ተንኮለኞች ናቸው፦ ከውጭ ጤነኛ፣ ከውስጥ ያበጡ። ስትረግጡ ዘይቱ ተገፍቶ ያልፋል፤ ስትለቁ ግን አይመለስም። ጎማው ይዞ ይቀራል፤ ይግላል፤ ሹፌሩ «ጉልበት አጣ» ብሎ ሞተሩን ይወቅሳል። በዕድሜ የገፉት ቮልሶች ደግሞ የፍሬን መሥመራቸው አንድ ብቻ ነው። እንደ ዛሬዎቹ መኪናዎች በሁለት አልተከፈለም። አንድ ቦታ ካፈሰሰ አራቱም ጎማ ፍሬን የለውም ማለት ነው። አየሩን ስታስወጡ ከፖምፓው ከሚርቀው ጎማ ጀምራችሁ ወደ ሚቀርበው ኑ። ሥራውን ስትሠሩ መኪናው በክሪክ ብቻ ቆሞ ከሥሩ አትግቡ፤ የባሕር ዛፍ ጉማጅ ከሻንሲው ሥር ደርድሩ። ድንጋይ አይሆንም፤ ድንጋይ ሳያስጠነቅቅ ይሰነጠቃል።

ጎማ ስትገዙ የጎኑን ቁጥር አንብቡ። መጨረሻ ላይ አራት አኃዝ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመት ናቸው። 2317 ማለት በ2017 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት የተሠራ። ልብ በሉ፣ ይህ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ የ2009 ዓ.ም. ሰኔ መግቢያ መሆኑ ነው። እኔ አንድ ጊዜ «የዘንድሮ ጎማ ነው» ተብዬ ተሸውጃለሁ፤ ቁጥሩ አልዋሸም፤ የዘመን መቁጠሪያው ነው ያታለለኝ። አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ እንደ አዲስ ቢሆንም አይታመንም።

መለዋወጫ አዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ይገኛል። አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ፤ በስም ብቻ ከጠየቃችሁ የማይገጥም ዕቃ ተሸክማችሁ 450 ኪሎ ሜትር ልትመለሱ ነው። ስለ ቀለም አልናገርም። ቀለም መጀመሪያ የሚቀባ ሰው መኪናውን ሊሸጥ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ ቀኑ ደርሷል። መኪናውን ከዳሱ ግፉትና ሜዳ ላይ አውጡት። በባልዲ አሸዋ፣ ካለ ደግሞ የእሳት ማጥፊያ ይዞ፣ ከኋላው አንድ ሰው ቆሞ ይጠብቅ፤ ሥራው የቤንዚን ቱቦውን ማየት ብቻ ነው። አሁን ቁልፉን አንሡት።

መጀመሪያ ሊያስነጥስ ይችላል። ሲነሣ ሰማያዊ ጢስ ያወጣል፤ የጨመራችሁት ዘይት ነው፤ ደቂቃዎች ይቆያል፤ ካልቆመ ፋሻ ወይም ቫልቭ ነው። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። የዘይቷ መብራት በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ካልጠፋች ወዲያው አጥፉት፤ ጎረቤት ቢያጨበጭብም አጥፉት። ከጠፋች ደህና ነው። ነዳጅ ረግጣችሁ አታስጩኹት፤ በራሱ ይሙቅ።

የመጀመሪያው ጉዞ ወደ እንጅባራ አይደለም። ከግቢው እስከ ከተማው ጫፍ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ደርሶ መልስ። የመንገዱን ፈቃድ፣ ቦሎውንና የሦስተኛ ወገን መድኑን ሳታሟሉ ዋናው መንገድ ላይ አትውጡ። ስትመለሱ ከመኪናው ውረዱና አራቱንም ጎማ መሐሉን በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱ። ሦስቱ ለብ ብለው አንዱ ካቃጠለ ፍሬኑ አልለቀቀም ወይም ኩሽኔታው ጠብቋል፤ ነገ የምትፈቱት እሱን ነው።

ማታ ደግሞ ከሞተሩ ሥር ካርቶን አንጥፉ፤ ከፊት ጎማዎቹም ሥር። ጠዋት ቡና ሳይፈላ ውጡና እዩት። ከኋላ የወረደው ጥቁር ጠብታ የሞተር ዘይት ነው፤ ቮልስ ጥቂት ማንጠባጠቡ የተለመደ ነው። ከፊት ከጎማው ሥር ያለችው ቢጫ ጠብታ ግን የፍሬን ዘይት ናት። አንድ ጠብታም ብትሆን ቁልፉ ወደ ኪስ ይመለስ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)